ገመናና ምስክርነት፦ የፕሬዚዳንቶች ፎቶግራፍ በቤተ መዛግብት

አንድ ርእሰ ብሔር ቃለ መሐላ ሲፈጽም፣ የውጭ እንግዳ ሲቀበል፣ ኒሻን ሲሸልም ወይም አስከሬን ሲሸኝ የተነሣው ፎቶግራፍ የማን ምስክር ነው? ጥያቄው የታሪክ ጸሐፊዎችንና የመዝገብ ጠባቂዎችን ብቻ የሚመለከት ቢመስልም፣ ሥሩ ሲቆፈር የሥነ ምግባርና የሃይማኖት ጉዳይ ሆኖ ይገኛል፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ምስል በተነሣ ቁጥር ሁለት ግዴታዎች ፊት ለፊት ይገጥማሉ። አንደኛው በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ትእዛዝ ነው። ሁለተኛው የሰውን ገመና መሸፈን ነው፤ ገመና ሲባልም ሰው በአደባባይ እንዲታይበት የማይፈልገው ድካሙ፣ ጉድለቱና ኀዘኑ ማለት ነው። ኦሪት ዘፍጥረት እንደሚተርከው ኖኅ ሰክሮ ዕርቃኑን በተኛ ጊዜ ካም አይቶ ለወንድሞቹ ነገረ፤ ሴምና ያፌት ግን የኋሊት እየሄዱ፣ የአባታቸውን ዕርቃን ሳያዩ ሸፈኑት፤ በረከቱም የሸፈኑት ሆነ። ካም የተናገረው ውሸት አልነበረም፤ ይሁን እንጂ እውነት መናገሩ አላጸደቀውም። የሥልጣን ፎቶግራፍ የሚነሣውም፣ የሚመረጠውም፣ የሚቀመጠውም በእነዚህ በሁለቱ ግዴታዎች መካከል ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክርም ሁለቱን ሊያስታርቅ የሚችለው ያልተመረጠውን ከተመረጠው ጋር፣ የተሸፈነውን ከታየው ጋር ሳያጎድል የሚጠብቅ ቤተ መዛግብት ብቻ ነው የሚል ነው። ለምሳሌነት የተወሰዱት የዩናይትድ ስቴትስ ፕሬዚዳንቶች የፎቶግራፍ ስብስቦች ሲሆኑ፣ ከመካከላቸው ኢትዮጵያን በቀጥታ የሚነኩ አሉ። ዓመታቱ ሁሉ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የገዥ ምስል ለሃይማኖት አስተሳሰብ እንግዳ ነገር አይደለም። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስ ስለ መንፈስ ቅዱስ በጻፈው መጽሐፍ፣ የንጉሥ ሥዕል ንጉሥ ተብሎ ቢጠራም በዚህ ምክንያት ነገሥታቱ ሁለት እንደማይሆኑ፣ ለሥዕሉ የሚሰጠውም ክብር ወደ ባለቤቱ እንደሚያልፍ አስረድቷል። እርሱ ይህን ያነሣው ስለ አብና ስለ ወልድ አንድነት ለማስተማር ነው፤ ከእርሱ በኋላ የተነሡት መምህራን ግን ይህንኑ ምሳሌ ቅዱሳት ሥዕላት ሊከበሩ ይገባል ለሚለው ትምህርት ማስረጃ አደረጉት። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ስለ ሥዕል ክብር ስትከራከር ከጠቀሰቻቸው ምሳሌዎች አንዱ በአደባባይ የሚቆመው የቄሣር ምስል ነበር ማለት ነው። በቅርቡ ዘመን ደግሞ ኤርንስት ካንቶሮቪች የተባለው የታሪክ ሊቅ በ1957 ባሳተመው ሥራው፣ የጥንት የሕግ ሰዎች ንጉሥ ሁለት አካላት አሉት ይሉ እንደነበር አሳይቷል፤ አንዱ የሚታመመውና የሚሞተው የሥጋ አካል፣ ሌላው የማይሞተው የመንግሥት አካል ነው። የፕሮቶኮል ፎቶግራፍ፣ ማለትም ማን የት እንደሚቆምና መቼ እንደሚጨባበጥ አስቀድሞ ተወስኖ የሚነሣው ምስል፣ የሚሰናዳው ለዚህ ለሁለተኛው አካል ነው። ሠዓሊ ይህንን አካል ብቻ ለይቶ መሣል ይችላል። ካሜራ ግን አይችልም፤ ከመንግሥቱ ጋር ሰውየውን፣ የደከመ ዐይኑን፣ የተሸበሸበ ኮቱን፣ ከኋላው የቆመውን ጠባቂ ሁሉ አብሮ ያነሣል።

ይህ አብሮ መነሣት ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ የፍራንክሊን ሩዝቬልት ዘመን በግልጽ ያሳያል። ሩዝቬልት በ1921 በፖሊዮ በሽታ ተይዘው እግሮቻቸው ሰለሉ፤ ከ1933 ጀምሮ በ1945 እስከ ሞቱበት ቀን ድረስ አገራቸውን የመሩትም በተሽከርካሪ ወንበር እየተንቀሳቀሱ ነው። ሆኖም በዚያ ወንበር ላይ ሆነው የሚያሳዩዋቸው ፎቶግራፎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በአደባባይ ሲታዩ እግሮቻቸውን በብረት ድጋፍ አስረው፣ የልጃቸውን ወይም የረዳታቸውን ክንድ አጥብቀው ይዘው ይቆሙ ነበር፤ ከመኪና ሲወርዱ ወይም ሰው ሲሸከማቸው እንዳይነሡ የጥበቃ ሰዎች ይከላከሉ ነበር፤ አብዛኛው ፎቶ አንሺም ይህን ሥርዓት በፈቃዱ ያከብር ነበር። ይህ ሐሰተኛ ምስክርነት ነውን? መልሱ አይደለም ሊሆን ይገባል፤ ምክንያቱም በፖሊዮ መያዛቸው በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነበር፤ ለበሽታው ሕሙማን የሚውል ድርጅትም እስከ ማቋቋም ደርሰዋል። የተደበቀው ሕመሙ መኖሩ ሳይሆን ሰውየው በሕመሙ የሚቸገሩበት ቅጽበት ነው፤ እርሱን መሸፈን ደግሞ የሴምና የያፌት ሥራ ነው።

ነገር ግን የሩቅ ዘመዳቸውና የቅርብ ወዳጃቸው የነበረችው ማርጋሬት ሳክሊ በ1941 ሃይድ ፓርክ በሚገኘው ርስታቸው ላይ አንድ ፎቶግራፍ አንሥታ ነበር፤ ሩዝቬልት በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው፣ ውሻቸውን ታቅፈው፣ አንዲት ትንሽ ልጅ አጠገባቸው ቆማ ይታያሉ። ያ ምስል በጊዜው ለጋዜጣ አልተሰጠም፤ አልተቀደደምም። በ1997 በዋሽንግተን የሩዝቬልት መታሰቢያ ሲመረቅ ትልቁ ሐውልት ወንበሩን በሰፊ ካባ ሸፍኖ የተሠራ ስለነበረ፣ የአካል ጉዳተኞች መብት ተከራካሪዎች ይህን አጥብቀው ተቃወሙ፤ በ2001ም ሩዝቬልትን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ የሚያሳይ ሌላ ሐውልት ተጨመረ። አንዱ ትውልድ ለክብር ሲል የሸፈነውን ሌላው ትውልድ ለክብር ሲል ገለጠው፤ ሁለቱም ትክክል ነበሩ። የኋለኛው ይህን ማድረግ የቻለው ግን የፊተኛው ሸፍኖ ስላስቀመጠና ስላላጠፋ ነው። ሩዝቬልት ራሳቸው ገና በሥልጣን ላይ ሳሉ ወረቀቶቻቸውን ለሕዝብ ሰጥተው በ1941 የመጀመሪያውን የፕሬዚዳንት ቤተ መዛግብት ማስከፈታቸው ለዚህ ትልቅ ድርሻ አለው። በፌብሩዋሪ 1945 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስዊዝ ካናል መሥመር በሚገኘው በታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ፣ ኩዊንሲ በተባለችው የጦር መርከብ ተገኝተው ከሩዝቬልት ጋር ሲነጋገሩ የተነሣው ፎቶግራፍም ይህን ታሪክ በሚያውቅ ተመልካች ዘንድ ሌላ ትርጉም ያገኛል፤ የፕሬዚዳንቱ መቀመጥ የወዳጅነት ዕረፍት ብቻ እንዳልሆነ፣ ከሁለት ወር በኋላም በሕይወት እንደማይኖሩ ያውቃልና።

ከሁሉ የከበደው ምሳሌ ግን የዳላሱ ነው። ኖቬምበር 22 ቀን 1963፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ኅዳር 12 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ የቅዱስ ሚካኤል ዓመታዊ በዓል በሚከበርበት ዕለት፣ ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ በዳላስ ከተማ ተገደሉ። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ምክትላቸው ሊንደን ጆንሰን በፕሬዚዳንቱ አውሮፕላን ውስጥ ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ የሟቹ አስከሬን በዚያው አውሮፕላን ውስጥ ነበር። በቦታው የተገኘው ፎቶ አንሺ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የጦር ሠራዊቱ የመገናኛ ክፍል ሻምበል የነበረው ሴሲል ስቶውተን ነው። ክፍሉ ጠባብ፣ ሰዉም የተጨናነቀ ስለነበረ ከፍ ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፤ መጀመሪያ ሲጫን ካሜራው አልሠራለትም፤ እንደገና አስተካክሎ ሲጫን ሠራ። በምስሉ ላይ ጆንሰን ቀኝ እጃቸውን አንሥተዋል፤ ግራ እጃቸው ዳኛዋ ሣራ ሂዩዝ በያዙት መጽሐፍ ላይ ነው፤ ያም መጽሐፍ በጥድፊያው መጽሐፍ ቅዱስ ነው ተብሎ የቀረበ፣ በእውነቱ ግን በአውሮፕላኑ ውስጥ የተገኘ የካቶሊክ የቅዳሴ መጽሐፍ ነበር። በአንድ ወገን የጆንሰን ባለቤት፣ በሌላው ወገን ዣክሊን ኬኔዲ ቆመዋል።

የዚህ ፎቶግራፍ ዓላማ ግልጽ ነበር፤ ሥጋዊው አካል ቢሞትም የመንግሥቱ አካል እንዳልሞተ በዚያው ቀን ለዓለም ማሳየት ነው፤ ለዚህም በፍጥነት ታጥቦ በቴሌግራፍ መሥመር እንዲተላለፍ በጥቁርና ነጭ ፊልም ተነሣ። ዣክሊን ኬኔዲ የለበሱት ልብስ በባለቤታቸው ደም የተነከረ ነበር፤ በምስሉ ላይ ግን ደሙ አይታይም። ነገሩን ከተራ ገመና መሸፈን የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የጆንሰን ባለቤት በማስታወሻቸው እንዳሰፈሩት፣ ዣክሊን ኬኔዲ ልብሳቸውን እንዲቀይሩ ተጠይቀው እምቢ ያሉት ገዳዮች ያደረጉትን ሰው ሁሉ እንዲያይ ፈልገው ነው። እርሳቸው የመጡት ሊመሰክሩ ነበር፤ ፎቶግራፉ ግን ሸፈናቸው። ገመናን መሸፈን በጎነት የሚሆነው ለባለ ገመናው ሲባል ሲሆን ነው፤ ባለቤቱ ይታይልኝ እያለ የሚሸፈን ቁስል ግን የእርሱ ገመና መሆኑ ይቀርና የሸፋኙ ይሆናል። እዚያ የተሸፈነው የአንዲት መበለት ኀፍረት ሳይሆን መሪውን መጠበቅ ያልቻለ መንግሥት ኀፍረት ነው። በዚያች ሰዓት መንግሥት አለ ተብሎ መታወቁ አስፈላጊ እንደነበረ አይካድም፤ ስቶውተንም ሥራውን በታማኝነት ሠርቷል። ቢሆንም ያ ምስል ብቻውን ቢቀር ኖሮ ምስክርነቱ ጎደሎ ይሆን ነበር።

ብቻውን አልቀረም። ልብሱ ሳይታጠብ በሜሪላንድ ግዛት ኮሌጅ ፓርክ በሚገኘው የብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሕንፃ ተቀምጧል፤ በ2003 በተፈረመው የቤተሰቡ የስጦታ ውል መሠረትም ለ100 ዓመት፣ ማለትም እስከ 2103 ድረስ፣ ለሕዝብ አይታይም። ይህ ውሳኔ ከዚህ ጽሑፍ ርእስ አንጻር ሲታይ እጅግ ጥልቅ ነው። ደሙ አልታጠበም፤ ስለዚህ ሐሰት አልተሠራም። ደሙ ለተመልካች ዐይን አልተሰጠም፤ ስለዚህ ሐዘንተኞቹ አልተዋረዱም። ሰው የማይችለውን ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ እንዲችል ያደረገው ጊዜ ነው፤ ኀዘኑን በቀጥታ የሚሸከሙ ሰዎች ሁሉ ካለፉ በኋላ ምስክሩ እንዲናገር ቀጠሮ ተሰጥቶታል።

የኬኔዲ ስብስብ በቦስተን በ1979 በተከፈተው ቤተ መዛግብት ውስጥ ይገኛል፤ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ በተለየ ሁኔታ የሚናገሩ ሁለት የፎቶግራፍ ክምችቶችም በእርሱ ውስጥ አሉ። የመጀመሪያው ኦክቶበር 1 ቀን 1963 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በባቡር ዋሽንግተን ሲደርሱ ኬኔዲና ባለቤታቸው በጣቢያው ወጥተው የተቀበሏቸውን አቀባበል ያሳያል። ሁለተኛው ከ55 ቀን በኋላ፣ ኖቬምበር 25፣ ንጉሠ ነገሥቱ የጦር ልብሳቸውን ለብሰው ከፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ከቁመተ ረጅሙ ሻርል ደ ጎል ጎን እየተራመዱ የኬኔዲን አስከሬን ወደ ቅዱስ ማቴዎስ ካቴድራል ሲሸኙ ያሳያል። ሁለቱም የፕሮቶኮል ሥራዎች ናቸው፤ በሁለቱም ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚሄድ ታስቦበታል። ይሁን እንጂ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የትኛውም የፕሮቶኮል ሹም ያላሰበውን ይናገራሉ፤ አስተናጋጁ በ55 ቀን ውስጥ ተሸኚ ሆኗልና።

ሦስተኛ ምስል ሊኖር ይገባ ነበር፤ የለም። በሴፕቴምበር 1974 ከዙፋን የወረዱት ንጉሠ ነገሥት በኦገስት 1975 በእስር ላይ ሳሉ ሞቱ፤ ሸኚ፣ ጸሎተ ፍትሐትና የሥርዓት ፎቶግራፍ አልነበራቸውም። አፅማቸው በቤተ መንግሥቱ ወለል ሥር የተገኘው በ1992 ሲሆን፣ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፈው በኖቬምበር 2000 ነው። ስለዚህ የሌላ አገር መሪ ሲቀበር በክብር የተራመዱት ሰው ራሳቸው ለ25 ዓመት ያህል የቀብር ምስል አልነበራቸውም። ገዥዎች ምስልን የሚያጠፉት ሰውን ለማጥፋት ነው፤ ነገር ግን በአንድ ቦታ ተሟልቶ የተጠበቀ መዝገብ ካለ፣ በሌላ ቦታ የተተወው ባዶ ቦታ ራሱ ምስክር ይሆናል። የቦስተኑ ፎቶግራፍ የአዲስ አበባውን ዝምታ ያጋልጣል።

ይህ ነገር ወደ ፍርድ ጥያቄ ይወስዳል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የአሣሣል ሥርዓት ጻድቃን ሁለት ዐይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ኃጥአንና አጋንንት ግን በጎን፣ በአንድ ዐይን ብቻ ይታያሉ። ነገሥታትም ከቅዱሳን ጋር ሲሣሉ ቦታቸው ታች ነው፤ በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት በምትገኘው በናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። በዚህ ሥርዓት ፍርዱ ከሥዕሉ ይቀድማል፤ ሠዓሊው ማን ጻድቅ ማን ኃጥእ እንደሆነ ሳያውቅ ብሩሹን አያነሣም። ፎቶግራፍ ግን ከፍርድ በፊት የሚነሣ ምስል ነው፤ ቸሩንም ክፉውንም ሁለት ዐይን ሰጥቶ ያስቀምጣቸዋል። በማርች 4 ቀን 1865 አሌክሳንደር ጋርድነር የአብርሃም ሊንከንን ሁለተኛ በዓለ ሲመት ሲያነሣ፣ ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ሊንከንን የገደለው ጆን ዊልክስ ቡዝ በሕዝቡ መካከል ሆኖ አብሮ መነሣቱ ይታመናል። ፎቶ አንሺው ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ ስንዴውና እንክርዳዱ አብረው በአንድ መስተዋት ላይ ቀሩ።

ያው ሊንከን በኖቬምበር 19 ቀን 1863 በጌቲስበርግ የወደቁት ወታደሮች መካነ መቃብር ሲመረቅ አጭር ንግግር ማድረጋቸው በዓለም የታወቀ ነው፤ በዚያ ቀን በመድረኩ አካባቢ ያለውን ሕዝብ የሚያሳይ አንድ የመስተዋት ኔጋቲቭ፣ ማለትም ብርሃንና ጥላው ተገልብጦ የሚታይበት የፎቶግራፍ መነሻ፣ ለ89 ዓመት ያህል ማንም ልብ ሳይለው ኖረ። በ1952 የብሔራዊ ቤተ መዛግብት የፎቶግራፍ ክፍል ኃላፊ የነበረችው ጆሴፊን ኮብ ምስሉን አጉልታ ስትመረምር፣ በሰው ብዛት መካከል ባርኔጣቸውን ያወለቁትን የሊንከንን ትንሽ ራስ አገኘች። ያ መስተዋት ከንቱ የሕዝብ ብዛት ብቻ የሚያሳይ ነው ተብሎ ተጥሎ ቢሆን ኖሮ አይገኝም ነበር። መዝጋቢ ዛሬ የማይጠቅመውን መጣል የለበትም የሚባለው ለዚህ ነው፤ የሚጠቅመውን የሚያውቀው የሚመጣው ዘመን ነውና፣ ቀድሞ መምረጥ የፈራጅን ወንበር መንጠቅ ነው።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ሥራ ስም አለው፤ መፋቅ ነው። በፌብሩዋሪ 1948 የቼኮስሎቫኪያው ክሌሜንት ጎትቫልድ፣ በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት የሆኑት፣ በፕራግ ከአንድ ሰገነት ላይ ሆነው ለሕዝብ ንግግር ሲያደርጉ የፖለቲካ ባልደረባቸው ቭላዲሚር ክሌሜንቲስ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። ክሌሜንቲስ በ1952 በሐሰት ተከሶ ከተሰቀለ በኋላ ከፎቶግራፉም ተፋቀ። መፋቅ ከመሸፈን የሚለየው በዚህ ነው፤ የሸፈነ ሰው ነገሩ እንዳለ ያውቃል፣ ጊዜው ሲደርስም ሊገለጥ ይችላል፤ የፋቀ ሰው ግን ነገሩ ፈጽሞ አልነበረም ብሎ ይምላል።

እርግጥ ተሟልቶ የተቀመጠ ፎቶግራፍ ሁሉ እውነትን በግልጽ ይናገራል ማለት አይደለም። ከስቶውተን ምስሎች በአንዱ ላይ አንድ የምክር ቤት አባል ለጆንሰን ዐይኑን የጠቀሰ ይመስላል፤ ከዚያች ከሰከንድ ክፍልፋይ ተነሥቶ ብዙ የሴራ ወሬ ተፈልፍሏል። ያንን ወሬ የሚመልሰው ግን ምስሉን መደበቅ ሳይሆን ከእርሱ በፊትና በኋላ የተነሡትን አብሮ ማሳየት ነው። አንድ ነጠላ ምስል በቀላሉ ይዋሻል፤ ተከታታይ ምስሎች ሲዋሹ ግን ይጋጫሉ።

በዩናይትድ ስቴትስ የፕሬዚዳንት ወረቀትና ፎቶግራፍ ለረጅም ዘመን የግል ንብረታቸው ተደርጎ ይቆጠር ነበር፤ የፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን የድምፅ ቅጂዎች ክርክር ካስነሡ በኋላ በ1978 የወጣው ሕግ፣ ከጃንዋሪ 20 ቀን 1981 ጀምሮ ሥልጣን የሚይዝ ፕሬዚዳንት ሁሉ በሥራው የሚያፈራው መዝገብ የሕዝብ እንደሆነ ደነገገ። ኢትዮጵያም በራሷ አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጅ አውጥታለች። ሕግ ብቻውን ግን ኔጋቲቭ አያድንም። የመሪዎችን የሥርዓት ፎቶግራፍ የያዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የቀድሞ ባለሥልጣናት ቤተሰቦችና በየስቱዲዮው ያረጁ ፎቶ አንሺዎች፣ በተለይም የነበረ መንግሥት ወርዶ ሌላ ሲተካ፣ ያልተመረጡትን ምስሎች እንዳይጥሉ፣ የሚያሳፍረውንም እንዳይቀድዱ ይለመናሉ፤ ለማሳየት የሚከብደውን በፖስታ አሽገው፣ የሚከፈትበትን ዓመት ጽፈው ለቤተ መዛግብት ያስረክቡ። ከእያንዳንዱም ጀርባ በለስላሳ እርሳስ ቀኑን፣ ቦታውንና የሚታዩትን ሰዎች ስም ያስፍሩ፤ ከመሪው ኋላ የቆመውን ጠባቂና ትሪ የያዘችውን አስተናጋጅ ጭምር።